ቀይ ነጥብ ያለበት ሳህን

ባለፈው ሳምንት ዲላ በማስተምርበት ትምህርት ቤት ግቢ አንድ አይሱዙ ገብቶ ካርቶን አራገፈ። ለተማሪዎቹ ምሳ የመጡ የብረት ሳህኖች ነበሩ። ልጆቻችን እስከዚያ ቀን የሚበሉት አንዴ ተበልቶበት በሚጣል ስስ ሳህን ስለነበር መምህራኑ ሁሉ ደስ ብሎን ልናይ ወጣን። የንብረት ክፍል ሠራተኛዋ የመጀመሪያውን ካርቶን በቢላ ስትቀደው የማሽን ዘይትና የአዲስ ብረት ሽታ ወጣ። ከማብሰያው ቤት ደግሞ የቦሎቄ እንፋሎት ይመጣል። ሁለቱ ሽታዎች አፍንጫዬ ላይ ተገናኙ።

አንዱን ሳህን አንስቼ ጠርዙን ዙሪያውን በጣቴ ስዳብስ ሠራተኛዋ፣ "ቲቸር፣ ጉድለት አገኘሽበት እንዴ?" አለችኝ።

"የለም" አልኳት። እውነትም አልነበረበትም። ቢሆንም ያን ቀን እስኪመሽ አብራኝ የተማረች አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከዓይኔ አልጠፋ አለች።

ያኔ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። ቤታችን ከወናጎ ወደ ላይ በሚወጣው የእግር መንገድ ላይ ነው፤ ትምህርት ቤታችንም ከዚያው ከፍ ብሎ፣ በቡናና በእንሰት መሀል። የምኖረው ከእናቴና ከእናቴ አባት፣ ከአያቴ ከጂግሶ ጋር ነበር። አባቴ ያን ወቅት ሙሉ ጨለለቅቱ ቡና ማጠቢያ ይሠራ ስለነበር በቤቱ ያለው ወንድ አያቴ ብቻ ነው። አያቴ ረጅም፣ ንግግሩ ቁጥብ ሰው ነበር። የቤተክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው፤ የትምህርት ቤቱ ወላጅ ኮሚቴ ሰብሳቢም እሱ ነው። መንገድ ላይ ሲያልፍ ሰዎች ጨዋታቸውን ያቋርጣሉ። እኔ የፈጣሪ ዘመድ ስለሆነ ይመስለኝ ነበር።

በዚያ ዓመት መስከረም ላይ አንድ ድርጅት ለትምህርት ቤታችን ምሳ ማቅረብ ጀመረ። በቆሎና ቦሎቄ አንድ ላይ ተቀቅሎ፣ ዘይት ጠብ፣ ጨው ነስነስ ተደርጎበት ይመጣል። የምታበስለው እትዬ አስቴር የምትባል፣ ድምፅዋ እንደ ወንድ የወፈረ ሴት ናት። ከምግቡ ይልቅ እኛን ያስደነቀን ግን ሳህኑ ነበር። ነጭ፣ ቀላል፣ እርስ በርሱ ሲፋተግ ጥርስ የሚያጠርስ የፎም ሳህን። ነፋስ ሲመጣ በአንድ እጃችን ሳህኑን ይዘን በሌላው እንበላለን። በልተን ስንጨርስ ከማብሰያው ጀርባ ወደተቆፈረው ጉድጓድ መወርወር ነው። ደህና ነገር መጣል እንዲህ ደስ እንደሚል አላውቅም ነበር። ከተማ ያሉ ሰዎች ሁሉ እንዲህ እየበሉ የሚጥሉ መስሎኝ፣ እኛም ከተሜ ሆንን ብዬ አንዱን በደብተሬ መሀል ደብቄ ቤት ወስጄ ከመኝታዬ ራስጌ ግድግዳው ላይ ሰካሁት።

ዝናቡ ገና አላባራም ነበር። ጉድጓዱ ውሃ ሞላና ሳህኖቹ ተንሳፍፈው ወጡ። ቁልቁለቱን ይዘው ወደ ሰው ማሳ ወረዱ። ጠዋት ጠዋት አያቴ በበትሩ ከቡናው እግር ሥር እየጎተተ ሲያወጣቸው አየዋለሁ። ትኩር ብሎ ያያቸውና ጥግ ይከምራቸዋል። አንድ ቀን አንዱን በእግሩ ጨፈለቀውና፣ "ይሄ ነገር አይሞትም እንዴ?" ብሎ በጌዴኦኛ ጠየቀኝ። ሳህን እንዴት እንደሚሞት አላወቅኩም።

ከዚያ የጎረቤታችን ላም ሞተች። ሆዷ ተነፍቶ ሁለት ቀን ስታቃስት ቆይታ ነው። ሲከፍቷት ከሆዷ ነጭ የተላቆጠ ነገር ወጣ፤ ልጆች ሁሉ ተሰብስበን አየን። ባለቤቷ ሴትዮ መሬት ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። እኔ ላሚቱ የተማሪ ምሳ ሰርቃ በመብላቷ የተቀጣች መስሎኝ ነበር። ቤት ስገባ ከግድግዳው ላይ ሳህኔን ነቅዬ እሳት ውስጥ ጨመርኩት። የሸተተው ሽታ እናቴን እስከ ውጭ አስወጣት።

በወላጆች ስብሰባ ላይ አያቴ ተነስቶ የተናገረውን እናቴ ስትደግመው ሰምቻለሁ። "የእንሰት ቅጠል ብንጥል መሬት ይበላዋል። ይሄንን ግን መሬትም አይበላው፣ የበላው ከብትም አይድን። ለልጆቻችን ታጥቦ የሚበላበት ሳህን ይገዛ" ብሎ ነበር። ተስማሙ። ሳህኑ እስኪገዛ ድረስ ደግሞ እያንዳንዱ ልጅ ከጓሮው የእንሰት ቅጠል እያመጣ እንዲበላ ተባለ።

ዝናሽን እዚህ ላይ ማስተዋወቅ አለብኝ።

ዝናሽ ከእኔ ጋር በአንድ ዴስክ የምትቀመጥ ልጅ ናት። እናቷ አስካለ ሸክላ ሠሪ ናት፤ ቤታቸው ከወንዙ አጠገብ፣ ከሌላው ሰው ቤት ራቅ ብሎ ነው። የዝናሽ ጣቶች ሁልጊዜ እርጥብ አፈር አፈር ይላሉ። ቶሎ ትስቃለች፤ ስትስቅ እጇን አፏ ላይ ታደርጋለች። እሑድ እሑድ እነሱም እኛም የምንሄደው አንድ ቤተክርስቲያን ነው። እነሱ ኋላ ባለው አግዳሚ ላይ ነው የሚቀመጡት። ስለሚያረፍዱ ይመስለኝ ነበር።

አስካለ አንዳንዴ ማሰሮና ምጣድ ተሸክማ ወደ ቤታችን ትመጣለች። እናቴ በደንብ ትቀበላታለች፤ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዝናቡ ይጫወታሉ። ግን አስካለ ቤት አትገባም። ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች። እናቴ ምግብ የምታቀርብላት አዲስ በተቆረጠ የእንሰት ቅጠል ነው። ትኩስ ቆጮና ጎመን ቅጠሉ ላይ ሲያርፍ የሚወጣው ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። በልታ ስትጨርስ ቅጠሉን ራሷ አጣጥፋ ራቅ አድርጋ ትጥለዋለች።

እኔ ቀናሁባት። ለእሷ ብቻ አዲስ ቅጠል ይቆረጣል። አንድ ቀን እናቴን፣ "ለእኔም እንደ ዝናሽ እናት በቅጠል አቅርቢልኝ" አልኳት።

"ሳህን ጠፍቶ ነው?" አለችኝ።

"ቅጠል እወዳለሁ።"

"ዝም ብለሽ ብዪ" አለችኝና ፊቷን አዞረች።

ስለዚህ ትምህርት ቤት በቅጠል መብላት ስንጀምር ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ዝናሽ ቅጠል መምረጥ ታውቃለች፤ የማይቀደደውን፣ ሰፊውን ለእኔም ጭምር ታመጣልኛለች። ጎን ለጎን ሣር ላይ ተቀምጠን እንበላለን። ማታ እራት ላይ ለአያቴ፣ "አባባ፣ አሁን እኮ ሁላችንም እንደ ዝናሽ እናት ሆንን" አልኩት።

ወደ አፉ ያነሳው ጉርሻ መንገድ ላይ ቆመ። እናቴ ወደ እሱ አየች፤ ከዚያ ወደ መሬት። አያቴ ጉርሻውን መልሶ አስቀመጠው።

የብረት ሳህኖቹ የመጡት ቡና መቅላት ሲጀምር ነው። አያቴ የቤተክርስቲያን ኮቱን ለብሶ ከዳይሬክተሩ ጋር ዲላ ወርዶ በጭነት መኪና ይዟቸው መጣ። ከመኪናው ሲወርዱ የሚያሰሙት ድምፅ ተማሪውን ሁሉ ከክፍል አስወጣ። እትዬ አስቴር በአመድና በሙቅ ውሃ አጥባ ፀሐይ ላይ ስትደረድራቸው ግቢው በራ። ዝናሽና እኔ በአንዱ ሳህን ፊታችንን አየን። አፍንጫችን ትልቅ፣ ዓይናችን ትንሽ ነበር። ዝናሽ እስክትንበረከክ ሳቀች።

የመጀመሪያው ቀን ምሳ እንደ በዓል ነበር። በበነጋታው ግን አንዳንድ ልጆች ሳህን ሳይቀበሉ ቀሩ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ በዙ። "እናቴ አትብዪ አለችኝ" ይላሉ። ለምን ሲባሉ አይናገሩም። ሳህኑ በሽታ አለው የሚል ወሬ ሰምቼ የእኔን ሁለት ጊዜ አሸተትኩት። ዘይት ዘይት ከማለት ሌላ ምንም አልነበረውም። እትዬ አስቴር ግማሽ ድስት ንፍሮ ሲተርፋት ጭልፋዋን ድስቱ ጠርዝ ላይ እያንኳኳች፣ "ኑ እንጂ! ምን ሆናችሁ?" ትላለች። ወደ ማንም ግን አታይም።

በዚያው ሰሞን አንድ ከሰዓት ዳይሬክተሩና ሁለት አባቶች ቤታችን መጡ። ዳይሬክተሩ ወጣት ነው፤ ሲጨነቅ እስክሪብቶውን ክፍት ዝግ፣ ክፍት ዝግ ያደርገዋል። ውሃ ይዤ ስገባ ከአባቶቹ አንዱ፣ "ቅጠል እያለ ማን ተናገረ? ፎሙም ቢሆን ይጣል ነበር። አሁን ግን ዛሬ እነሱ የበሉበት ነገ ለእኔ ልጅ ሊሰጥ ነው" ሲል ሰማሁት።

"ይታጠባል እኮ" አለ ዳይሬክተሩ።

"አንተ የመጣኸው ከሌላ አገር ነው። አይገባህም።"

"እንግዲያው ምልክት ይደረግበትና ለብቻ ይያዝላቸው። ልጆች ከሚራቡ" አለ ዳይሬክተሩ። ሁሉም ወደ አያቴ ዞሩ።

አያቴ ጉልበቱ ላይ ያለውን እጁን አየ። ከዚያ፣ "እሺ" አለ።

ከሁሉም ጆሮዬ ላይ የቀረው "ምልክት" እና "ለብቻ" የሚለው ነው። በትምህርት ቤታችን አንደኛ የወጣ ልጅ ደብተሩ ላይ በቀይ ምልክት ይደረግለታል። እኔ ሽልማት ሊሰጥ ነው ብዬ ሌሊቱን ማን ይሆን ስል አደርኩ።

ነጋ፤ ምሳ ደረሰ። ከሳህኖቹ መሀል ጥቂቶቹ ለብቻቸው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጠርዛቸው ላይ ቀይ ነጥብ አለ። ከአንዷ መምህርት የተወሰደ የጥፍር ቀለም ነበር፤ እንደ በሰለ ቡና የሚያብረቀርቅ ቀይ። ዳይሬክተሩ ራሱ ቆሞ ከሦስት ክፍሎች አንዳንድ ልጅ እየጠራ ሰጠ። ከእኛ ክፍል የተጠራችው ዝናሽ ናት።

ዝናሽ ሳህኑን በሁለት እጇ ተቀብላ መጣች። ፊቷ እንደዚያ በርቶ አላውቅም። "ጽጌ፣ እይ! ለእኔ ተሰጠኝ" አለችኝ።

"ምን ስላደረግሽ ነው?"

"እንጃ። ንባብ ይሆናል። ባለፈው ቲቸር ጎበዝ ብሎኛል።"

የእኔ ሳህን ባዶ፣ ነጥብ የሌለው ነበር። ዝናሽ ከዚያ ወዲያ በዚያ ሳህን ትበላ ጀመር። በልታ ስትጨርስ በቀሚሷ ጫፍ ቀዩን ነጥብ ትወለውለዋለች። እናቷም ሰምታ ደስ እንዳላት ነገረችኝ፤ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄን አዩልኝ" ብላለች አሉ። የሚስቁ ትልልቅ ልጆች ነበሩ። እኛ የሚስቁት በቅናት ነው ብለን ተነጋግረናል።

አንድ ቀን መታገሥ አቃተኝ።

"ዝናሽ፣ ዛሬ ብቻ አውሺኝ።"

አሰበች። ሳህኑን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። "አትጥይውም?"

"ምሳ እስክጨርስ ብቻ።"

"እንቺ። ቀዩን ግን በጥፍርሽ እንዳትነኪ፣ ይነሳል።"

ተለዋወጥን። የእሷን ሳህን ታቅፌ ከሁሉም ፊት ተቀመጥኩ፤ ሰው እንዲያየኝ ነበር የፈለግኩት። አዩኝ። ከስድስተኛ ክፍል አንዷ ብድግ ብላ፣ "ጽጌ በእነሱ ሳህን በላች!" ብላ ጮኸች። ከዚያ ማንሾካሾክ ሆነ። ዳይሬክተሩ እየሮጠ መጥቶ ሳህኑን ከእጄ ነጠቀኝ፤ ንፍሮው ቀሚሴና መሬት ላይ ፈሰሰ።

"ማን ሰጠሽ ይሄንን?"

ከእኔ በፊት ዝናሽ ቆመች። "እኔ ነኝ ያዋስኳት፣ ቲቸር። አልሰረቀችም። የተመረጥኩት ግን እኔ ነኝ፤ ይመለስልኝ" አለች።

ትልልቆቹ ልጆች በሳቅ ወደቁ። ሳቁ ከአንዱ አግዳሚ ወደ ሌላው ሄደ። "ተመረጥኩ አለች! ተመረጥኩ!" ዳይሬክተሩ "ዝም በሉ!" አለ እንጂ ወደ ዝናሽ አላየም። ዝናሽ በሚስቁት ፊት ላይ ዓይኗን አንድ በአንድ አዞረች። በመጨረሻ ሁለቱን ሌሎች ባለ ቀይ ሳህን ልጆች አየች። ሁለቱም የሸክላ ሠሪ ልጆች ናቸው፤ አንገታቸውን ደፍተዋል። በእጇ የያዘችውን የእኔን ሳህን ቀስ አድርጋ፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ አግዳሚው ላይ አስቀመጠችው። ቦርሳዋን ከክፍል ሳታወጣ በበሩ ወጥታ ሄደች።

እናቴ የነገረችኝ ያን ዕለት ነው። ቀሚሴን እያጠበች፣ ወደ እኔ ሳታይ። ሰዎች ከሸክላ ሠሪ ጋር በአንድ ዕቃ እንደማይበሉ፣ ከዱሮ ጀምሮ እንደዚያ እንደሆነ፣ አስካለ ከቤት የማትገባውም፣ ቅጠሉ የሚቆረጥላትም ለዚህ እንደሆነ ነገረችኝ።

"ምን አድርገው?" አልኳት።

"ምንም።"

"ታዲያ ለምን?"

"አላውቅም፣ ጽጌ። እናቴ ስታደርግ አየሁ፣ እኔም አደረግኩ።" ቀሚሱን ጨምቃ ጨምቃ ውሃ አልወጣው ካለ በኋላም ትጨምቀው ነበር።

አያቴ በሩ ላይ ቆሞ ሰምቷል። ዞሬ፣ "አባባ፣ ቀዩ ሽልማት አይደለም?" ብዬ ጠየቅኩት።

"አይደለም" አለ።

"አንተ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር" አለኝ። ያን ማታ እራት አልበላም።

በማግስቱ ዳይሬክተሩ አያቴን ስላስጠራው አብረን ሄድን። ምሳ ሰዓት ላይ አስካለ መጣች። ለገበያ የምትለብሰውን ነጠላ ለብሳለች፣ ጭቃ የለባትም። ተማሪው ሁሉ እያየ ቀጥ ብላ ወደ ጠረጴዛው ሄደች።

"የቱ ነው የልጄ ሳህን?" አለች እትዬ አስቴርን።

እትዬ አስቴር ጭልፋዋን አስቀመጠች። በጣቷ ጠቆመችላት።

አስካለ አነሳችው። ነጥቡን አየችው። ዳይሬክተሩ እየተንተባተበ፣ "እማማ፣ ልጆቹ እንዳይራቡ ብለን ነው፣ ለጊዜው ነው" ይላል። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

"ልጄ እየዘለለ መጣች ቤት" አለች፤ አማርኛዋ ወንድና ሴቱን ይቀላቅላል። "እማ፣ ተመረጥኩ አለችኝ። እኔም አመሰገንኩ። ተንበርክኬ አመሰገንኩ። እንደ ድሮው በቅጠል ብትሰጡት ይሻል ነበር። ቅጠሉን ለምደናል፣ እናውቀዋለን። ይሄን ግን ሽልማት መስሎ ሰጣችሁን።"

ሳህኑን በቦታው መልሳ ወጣች። አያቴ አጠገብ ስትደርስ "ጋሼ" ብላ እንደ ልማዷ አንገቷን ሰበር አድርጋ አለፈች። ሰው ሁሉ ጨዋታ የሚያቋርጥለት አያቴ እስከ በሩ ድረስ በዓይኑ ተከተላት።

እሑድ ቤተክርስቲያን ጸሎት እንዲያደርግ ሲጠራ በእጁ ምልክት እምቢ አለ። ዝናሽ ሰኞም ማክሰኞም አልመጣችም። ቦርሳዋ ከዴስካችን ሥር እንዳለ ነው። ረቡዕ ከእረፍት ስንወጣ አያቴን ከውሃው ቧንቧ አጠገብ ተቀምጦ አገኘሁት። ባለ ቀይ ሳህኖቹን ጎኑ ደርድሮ ነጥቡን በትንሽ ቢላዋ እየፋቀ ነው። ብረቱን እንዳይጭር ቀስ እያለ ነው የሚፍቀው። ዳይሬክተሩ ከበላዩ ቆሟል።

"አቶ ጂግሶ፣ ወላጆቹ ቢመጡስ?"

"ይምጡ። እሺ ያልኩት እኔ ነኝ፤ እምቢ የምለውም እኔ ነኝ።"

ፍቆ ሲጨርስ ለእትዬ አስቴር ሰጣትና ከሌሎቹ ጋር አንድ ላይ አጠበቻቸው፤ ሲደርቁ የትኛው የትኛው እንደሆነ ማንም አያውቅም። ወላጆቹ መጡ። ጩኸት ነበር። አንደኛው አባት አያቴን፣ "ሽማግሌ ሆነህ ታረክሰናለህ?" አለው። አያቴ፣ "የእኔ ልጅ ትበላበታለች" ብቻ አለ። ብዙ ልጆች ምሳ ሳይበሉ ዋሉ፤ ከግቢው ጥግ ቆመው ያዩናል። ከዚያ ንፍሮው ሲሸታቸው አንዱ መጣ፣ ከዚያ እህቱ። ሁሉም አልተመለሱም። አንዳንዶቹ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ከቤታቸው በቅጠል ቋጥረው ይመጡ ነበር።

አያቴ ወደ ወንዙ ይዞኝ የወረደው ከዚያ በኋላ ባለው ቅዳሜ ነው። የዝናሽን ቦርሳ እኔ ይዤያለሁ። ሰው ሁሉ ቡና ለቀማ ላይ ስለነበር መንገዱ ጭር ብሏል። አስካለ ከቤቷ ደጃፍ ተቀምጣ ማሰሮ በእርጥብ ጨርቅ እያሻሸች አገኘናት። አያቴን ስታይ ብድግ አለች። እጇ ላይ ያለውን ጭቃ የምታደርግበት አጣች።

"ልግባ?" አላት አያቴ።

ዞር ብላ በሩን አየች፤ የሌላ ሰው በር ይመስል። "ግቡ" አለች።

ቤቱ ጨለም ያለ፣ ቀዝቀዝ ያለ ነበር። በመደዳ የተደረደሩ ማሰሮዎች ግድግዳው ሥር አሉ። ከጥግ የሳህን መደርደሪያ አለ፤ ጥቂት የላስቲክና የሸክላ ሳህኖች። ዓይኔ ዝናሽን ፈለገ፤ የለችም።

አያቴ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። "አስካለ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ምልክት ይደረግ ሲሉኝ እሺ ያልኩት እኔ ነኝ። ቀዩን ፍቄዋለሁ። ልጅቷ ትመለስ" አለ። በጌዴኦኛ ነው የተናገረው፤ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ ድምፁ የሌላ ሰው ነበር።

አስካለ እጇ ላይ ያለውን ጭቃ ታጠበች። ወደ እሳቱ ሄዳ ቆጮ ቆረሰች፣ ጎመን ጨለፈች። ከመደርደሪያው አንድ ሳህን አወረደች። ከዚያ ቆመች። ጓሮዋ ውስጥ እንሰት ነበር፤ በበሩ ይታያል። ወደ ውጭ አየች፤ አያቴም ወደ ውጭ አየ። ሄዳ ቅጠል ብትቆርጥለት ማንም ምንም አይልም ነበር።

"በሳህኑ" አላት።

አቀረበችልን። እጃችንን በአንድ ውሃ ታጠብን። አያቴ ጸለየ፤ ጸሎቱ አጭር ነበር። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ቆረሰ። አፉ ውስጥ አድርጎ ብዙ አኘከ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። እኔ መብላት እንደዚህ ከባድ ሥራ ሲሆን አይቼ አላውቅም። አስካለ ቆማ፣ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣጥፋ፣ ጉሮሮውን ታያለች። ሲውጥ ትንፋሿን ለቀቀች። ሁለተኛውን ጉርሻ አነሳ፤ እሱ ቀለል ያለው መሰለኝ። ሦስተኛውን ለእኔ አጎረሰኝ። ሳህኑ ባዶ እስኪሆን አልተወም።

"ዝናሽስ?" አልኩ እኔ፤ መታገሥ አልቻልኩም።

አስካለ አጠገቤ መጥታ ቦርሳውን ከእጄ ወሰደች። "ዲላ ልኬያታለሁ፣ እህቴ ጋ። እዚያ ትማራለች" አለች።

አያቴ ቀና አለ። "እኔ ሄጄ አመጣታለሁ። ነገ እሄዳለሁ።"

"ተዋት፣ ጋሼ።"

"ሁሉንም አስተካክዬዋለሁ እኮ። አሁን ሁሉም አንድ ነው።"

"አውቃለሁ። ሰምቻለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢኖር ይቀለን ነበር። "እዚህ ሳህን ሲሰጣት ገልብጣ ታየዋለች ከእንግዲህ። ሳቁን ትሰማለች። ዲላ ግን ማንም እናቷን አያውቅም። ዝም ብላ ትበላለች። ተዋት፣ ትብላ።"

አስካለ ሳህኑን አንስታ ከቤቱ ኋላ ወሰደችው፤ የውሃ ድምፅ ሰማን። እኔ የምንሄድ መስሎኝ ተነሳሁ። አያቴ ግን አልተነሳም። ሳህኑን ይዛ እስክትመለስ፣ በጨርቅ እስክታደርቀው፣ የት እንደምታስቀምጠው እስኪያይ ድረስ በርጩማው ላይ ጠበቀ። አስካለ ገብታ መደርደሪያው ፊት ጥቂት ቆመች። ከዚያ ከሌሎቹ ሳህኖች መሀል አስገባችው።

ያኔ አያቴ ተነሳ።

ዳገቱን ስንወጣ እሱ ከፊቴ ይሄዳል። ሁለት ጊዜ ቆሞ በትሩ ላይ ተደገፈ፤ ደክሞት ነው ብዬ አሰብኩ። እናቴ በሩ ላይ ትጠብቀን ነበር። ከኋላችን አየች፣ መንገዱን እስከ ታች ድረስ አየች፣ ሌላ ልጅ የምትከተለን መስሏት።

"አልነበረችም?" አለችው።

"አልደረስንባትም" አለ አያቴ። ኮቱን አውልቆ ሰጣት፤ በትሩን ከግድግዳው አስደግፎ፣ ከክፈፉ ሥር፣ አስካለ ስትመጣ ከምትቀመጥበት ድንጋይ ፊት ቆመ። አጎንብሶ በሁለት እጁ ያዘው። እናቴ "ተው፣ ወገብህን!" አለች። አልሰማትም። እያንከባለለ ከግቢው አወጣውና ከግቢያችን በታች ወዳለው ገደል ለቀቀው፤ ድንጋዩ ቡናውን እየሰበረ ሲወርድ፣ ድምፁ እስኪጠፋ፣ ሦስታችንም ቆመን ሰማን።